ለእያንዳንዱ አንድ ከንቲባ

የዋቢ በር ከንቲባ ናሆም ዘርጋው ለአምስተኛ ጊዜ በተወዳደሩበት ዓመት፣ ኤልዳና ተክሉ ቤት በየማለዳው ቁርስ ላይ ይመጡ ነበር። የሚመጡት በወጥ ቤቷ መስታወት ነው። በዚያው ሰዓት በከተማዋ ባሉ መስታወቶች ሁሉ ውስጥ እንደሚገኙ ማንም አልጠፋውም፤ ስለዚያ ማውራት ግን ነውር ነበር። ሰው የራሱን ከንቲባ ያዳምጣል እንጂ ስለ ጎረቤቱ ከንቲባ አይጠይቅም።

«እንደምን አደሩ እትዬ ኤልዳና? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«አለ» ትላለች ኤልዳና ዳቦዋን እየቆረሰች።

«የግፊቱን መድኃኒት ወሰዱ?»

«ምን አገባህ?»

«እንዴት አያገባኝም! እርስዎ ከሌሉ ለማን ነው ከንቲባ የምሆነው?»

ኤልዳና ስልሳዎቹን አጋምሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ አውቶቡሶቹ ያለ ሾፌር መሄድ ሲጀምሩ ጡረታ ወጣች። ታላላቆቿን ሁሉ አንቱ የምትል ሴት ናት፤ ከንቲባውን ግን አንተ ትላቸዋለች። እርሳቸው አይከፋቸውም። አለመከፋታቸው ደግሞ ይበልጥ ያንገበግባታል። በእርሷ መስታወት ውስጥ ሽበት ጣል ያደረገባቸው፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ፣ የአባቷን አገር የመንዝን ለዛ ያልለቀቁ ሰው ናቸው። ቁርጥ ያሳደጋትን አጎቷን ይመስላሉ። እንዲመስሉ ተደርገው እንደተሠሩ ታውቃለች። ማወቋ ግን አልጠቀማትም።

በምርጫ ሰሞን መስታወቱን ማጥፋት አይቻልም። አንድ ቀን ፎጣ ጣለችበት።

«ብርድ ገባዎት እንዴ?» አሉ ከንቲባው ከፎጣው ሥር።

ባሏ ናትናኤል የተቀበረው ከምትኖርበት ብሎክ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ወጥታ መቃብሩ ራስጌ ትቀመጥና ቁልቁል ወንዙን ታያለች። በዚያ ሰሞን የኮረብታው መቃብር ለግንባታ ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ኤልዳና ብዙ ቀን በሆዷ ይዛው ቆይታ አንድ ማለዳ አወጣችው።

«ኮረብታውን ልታርሰው ነው አሉ።»

ከንቲባው አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«እትዬ ኤልዳና፣ ናትናኤል የተኛበትን አፈር የሚነካ ሰው አስቀድሞ በእኔ መቃብር ላይ ይረማመዳል።»

እኚህ ሰው የወንዙን ውሃ እንድትጠጣው አድርገው እንደሚያጸዱላት ቃል ከገቡላት ሁለት ምርጫ አልፏል። ወንዙ ዛሬም ጥቁር ነው። ይህንንም እያወቀች፣ ዳቦዋን አስቀምጣ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ወዲያው አፈረችና ያሳረፈችበትን በፎጣው ጠረገችው።

ለከንቲባው የቀረበችው ተፎካካሪ አንዲት ብቻ ነበረች። ሐያት ሽኩር ትባላለች። በመስታወት የምትገባበት አቅም ስላልነበራት በፒክአፕ ላይ ቆማ በድምፅ ማጉያ እየጮኸች ሰፈር ለሰፈር ትዞር ነበር። ለሁሉም የምትናገረው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የብሎኩ ሰው ይህን እንደ ንቀት ቆጠረው። «ስሜን እንኳ አታውቅም» አሉ አንዲት ሴትዮ። «የእኔው ሰውዬ የልጆቼን ልደት ያውቃል፤ እሷ ‹የከተማችን ነዋሪዎች› ትለኛለች! ነዋሪዎች ማን ናቸው?»

ከኤልዳና ፊት ለፊት፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ ያብስራ ወልዴ ይኖራል። የናትናኤል የልብ ጓደኛ ነበር፤ ሬሳውን በትከሻቸው ተሸክመው ኮረብታውን ከወጡት አንዱ እርሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ከማክዳ፣ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን መሆን ሲያምራቸው ያብስራ ልጆቹን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ይቆማል። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያያል፤ አይቶም እንዳላየ ያልፋል።

አንድ ማለዳ ኤልዳና ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ የያብስራ በር ክፍት ነበር። ማክዳ አየቻትና ፊቷ በራ።

«እትዬ ኤልዳና፣ ይግቡ! ቤታችንን ይዩልን!»

ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ውስጥ አንድ ነጭ ሕንፃ ይታያል። ከጎኑ ከንቲባው ቆመዋል። ኤልዳና ለትንሽ ጊዜ አላወቀቻቸውም። ሽበት የላቸውም፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል፤ አፋቸውም የአራዳ ልጅ አፍ ነው።

«አራተኛ ፎቅ ነው ያብሴ! ሁለት መኝታ ለማክዳ፣ አንዷን ለአንተ። በረንዳው ላይ ሆነህ ከተማዋን በእግርህ ሥር ታያታለህ። ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ምስሉ ወደ በረንዳው ወጣ። ቁልቁል ወንዙ እንደ ማጭድ ታጥፎ ይሄዳል፤ በስተግራ የድሮው የውሃ ማማ ቆሟል። ኤልዳና የቆሻሻውን ከረጢት ከእጇ ለቀቀች። ወንዙ እንዲያ ሆኖ የሚታየው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው።

«ይህ የናትናኤል መቃብር ነው» አለች።

ማክዳ አባቷን አየችው። ያብስራ ወለሉን ያያል።

«ታውቅ ነበር?» አለችው ኤልዳና።

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው በየቀኑ ‹ደህና ዋልሽ› የምትለኝ?»

«ስድስት ነን ኤልዱ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት! አንቺ ለሞተ ሰው ትጨነቂያለሽ፤ የእኔ ልጅ በሕይወት እያለች የምትተኛበት የላትም። ናቲ ራሱ ቢኖር ‹ውሰዱት› ነበር የሚለው።»

«ናቲ ቢኖርማ መቃብር ምን ያደርግለታል። ለእኔ ኮረብታውን የሚነካ በመቃብሬ ላይ ነው ብሎኛል።»

«ማነው ያለሽ?»

«ይኸው ሰውዬህ ነዋ!»

ያብስራ ወደ መስታወቱ ዞረ። «ብለሃታል እንዴ?»

ከንቲባው ሳቁ። «ያብሴ፣ እኔና አንተ የምናወራው ስለ አንተ ነው።»

ኤልዳና ወጣች። ወጥ ቤት ገብታ በቢላዋ ጫፍ መስታወቱን ከግድግዳው ፈልቅቃ አወረደችው፤ በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋው ኮሪደሩን ተሻገረች። «ወዴት እየሄድን ነው እትዬ?» ይላሉ ከንቲባው በፎጣው ውስጥ። «ከባድ ነገር አያንሱ እንጂ፣ ጉልበትዎን!»

ወንበር ላይ አቁማ ፎጣውን ገለጠችው። ሽማግሌው ከንቲባና ወጣቱ ከንቲባ ፊት ለፊት ተያዩ።

ኤልዳና ይደነግጣሉ ብላ ነበር። ባይደነግጡ እንኳ ያፍራሉ፤ ባያፍሩ እንኳ ዝም ይላሉ።

«እንደምን ሰነበቱ ክቡር ከንቲባ?» አሉ ሽማግሌው።

«ደህና ነኝ ክቡር ከንቲባ! ሥራ እንዴት ይዞዎታል?»

«ሕዝባችን እያለ ምን እንሆናለን።»

«እውነትዎን ነው። ምን ዓይነት ሕዝብ ነው!»

«ኮረብታው ምን ይሆናል?» ብላ ኤልዳና ጮኸች። «አንዳችሁ ተናገሩ!»

«እጅግ ተገቢ ጥያቄ ነው» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ከዚያ እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ተባባሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው ቀደሙ። ሕንፃው በረጃጅም ዓምዶች ላይ ይቆማል አሉ፤ መቃብሩ ሳይነካ ከሥር ይቀራል።

«ሙታን ከታች በክብር!» አሉ።

«ሕያዋን ከላይ በደስታ!» አሉ ወጣቱ።

ማክዳ ሳታስበው አጨበጨበች። አባቷ ቀና ብሎ ሲያያት እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ተሰበሰበ። ነገሩ ሲገባቸው አንዱ ሮጦ የራሱን መስታወት አመጣ፤ ሌላውም ተከተለው። ኮሪደሩ ግራና ቀኝ በመስታወት ተሞላ። ከጥግ እስከ ጥግ ከንቲባው ቆሙ፤ ባለ ቆብ፣ ባለ መነጽር፣ ጠይም፣ ቀላ ያለ፣ አንዱ ዓረፍተ ነገሩን በቁርዓን ሌላው በዳዊት የሚጀምር። እያንዳንዱ ቤት የተገባለት ቃል አደባባይ ወጣ። አንዱ መስጊድ የተገባለት ቦታ ላይ ሌላው መጠጥ ቤት ተገብቶለታል።

የዚያን ቀን ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል «ዋሸን» ያለ የለም። የተናደዱት በሌላ ነገር ነው።

«ለእኔ የሱቅ በረንዳ፣ ለእሷ ሙሉ ሱቅ? እኔ አይደለሁም ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምሮ ስመርጠው የኖርኩት?»

«አንቺማ ታለቅሺበታለሽ! እኔ ማልቀስ አላውቅበት።»

ተሰዳደቡ። ሁለት ወንዶች ተናነቁ። በዚህ መሀል መስታወቶቹ የራሳቸውን ስብሰባ ጀምረው ነበር። አንዱ ከንቲባ ንግግር ያደርጋል፤ ሌሎቹ ያመሰግኑታል፤ ከዚያ ሁሉም ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ኮሪደሩን ሲሞላው ሰዎቹ ጠባቸውን ተዉ። ከንቲባዎቹ የሚያዳምጣቸው ሰው አልነበረም፤ የሚያዳምጣቸው ሰውም አልጎደላቸውም። ጥቂት እንደቆሙ ሰዎቹ አንድ በአንድ መስታወታቸውን እያነሱ በብብታቸው ይዘው ገቡ። አንዱ ደረጃው ላይ የራሱን ከንቲባ ይቅርታ ሲጠይቅ ተሰማ።

ኤልዳናም የእርሷን መልሳ ሰቀለች።

«ውሸታም ነህ» አለቻቸው።

«ቅሬታዎን ተቀብያለሁ» አሉ። «ጉልበትዎን ግን አልጎዳዎትም?»

ጉልበቷ ክፉኛ ያማት ነበር። ሌላ የጠየቃት ሰው ደግሞ አልነበረም።

በማግስቱ ኤልዳና ሐያት ሽኩርን ገበያው መግቢያ ላይ ፒክአፗን አቁማ አገኘቻት። ዙሪያዋን የቆሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ግማሾቹም አውቶቡስ የሚጠብቁ ናቸው። ሴትዮዋ ድምጿ ተዘግቷል፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ኤልዳና ተጠግታ ስለ ኮረብታው ጠየቀቻት።

ሐያት ድምፅ ማጉያውን አወረደች። «እዚያ የተቀበረ ሰው አለዎት?»

«ባሌ።»

«መነሳቱ አይቀርም እናቴ። ቤት የሌለው ሰው በዝቷል፤ ሌላ መሬት የለም። እኔ ብመረጥ ቀኑን ቀድሜ አስነግራለሁ፤ አጽሙ የሚያርፍበት ቦታም አዘጋጃለሁ። ከዚህ በላይ ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

ኤልዳና ፊቷን አዙራ ሄደች። እስከ ቤቷ ድረስ በልቧ ስትረግማት ነበር። ሰው እንዴት እንዲህ ፊት ለፊት ይናገራል? ትንሽ ብትዋሽ ምን ይጎድልባታል? ደረጃውን ስትወጣ ግን የማን ውሸት እንደናፈቃት ታወቃት፤ ራሷንም ተጸየፈች።

የምርጫው ቀን ለሐያት ድምጿን ሰጠች። ወድዳት አልነበረም። ሰልፉ ላይ ያብስራ ከፊቷ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም ሌላ ሌላ አቅጣጫ ሲያዩ ቆይተው ገቡ። እርሱ የመረጠው ማንን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከንቲባው አሸነፉ። ከአሥር ሰው ስምንቱ መረጣቸው። በማግስቱ ኤልዳና ዳቦዋን ይዛ ወጥ ቤት ተቀመጠች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ራሷ ብቻ ነበረች። ጥቂት ጠበቀች። እየጠበቀች መሆኗን ስታውቅ ተነስታ ቆማ በላች።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዶዘሮቹ መጡ። ከኮረብታው ግርጌ በድምፅ ማጉያ፣ አጽም ያለው እስከ ቀትር ያንሳ ተባለ። ስለ ዓምዶቹ ያነሳ የለም። ኤልዳና የልብስ ሳጥኗን ገልብጣ ባዶውን ከነጠላዋ ጋር ይዛ ወጣች። የመቃብሩ ዘበኛ ጉዲና ቆፈረላት። አጽሙን በእጇ እየተቀበለች ሳጥኑ ውስጥ አኖረችው፤ አላለቀሰችም። የራስ ቅሉን ስትቀበል ግን የፊት ጥርሶቹን ፍንጭት አየች። በዚያ ፍንጭት ሲያፏጭ ነበር መጀመሪያ አውቶቡሷ ውስጥ ያስተዋለችው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ አለችና ጉዲና «እትዬ፣ ሰዓቱ ደረሰ» እስኪላት አልተነሳችም።

መውረጃው መንገድ አንድ ነው፤ በእርሱ ላይ ደግሞ ድንኳን ተተክሎበታል። ከንቲባው በአካል መጥተው የመሠረት ድንጋይ የሚጥሉበትና ለመጀመሪያዎቹ ባለ ዕድሎች የቤት ቁልፍ የሚሰጡበት ቀን ነበር። ቤቱ ገና አልተሠራም፤ ቁልፉ ግን ተሠርቷል። ባለ ዕድሎቹ የወጣቱ ከንቲባ ፊት የታተመበት ነጭ ካናቴራ ለብሰው ተሰልፈዋል። ያብስራ ከመካከላቸው ነው። ማክዳ ልጆቿን ይዛ ከገመዱ ወዲያ ቆማለች።

ኤልዳና በነጠላ የተጠቀለለውን ሳጥን ታቅፋ በድንኳኑ ጠርዝ ልታልፍ ስትል አንዲት የፕሮቶኮል ልጅ ክንዷን ያዘቻት።

«እማማ፣ ስጦታ የያዙ በዚህ በኩል ነው!»

«እኔ እኮ...»

«በዚህ፣ በዚህ! እየጠበቁ ነው!»

ከኋላ ሌሎች ገፏት። ቀና ስትል ከንቲባው ፊት ቆማለች። አጭር ሰው ናቸው። ፊታቸው ላይ የተቀባው ዱቄት በላብ ተሰነጣጥቋል፤ ከየትኛውም መስታወት ውስጥ ካሉት ይልቅ ያረጁ ናቸው። እርሷን አላዩም፤ የሚያዩት ከትከሻዋ በላይ ያለውን ካሜራ ነው።

«ተባረኪ እናቴ» ብለው ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«የባሌ አጽም ነው» አለች ኤልዳና። እርሳቸው አልሰሟትም።

«እናቶቻችን» አሉ ከንቲባው ለካሜራው፣ ሳጥኑን ከፍ አድርገው፣ «ከሌላቸው ላይ ቆርሰው ሲያጎርሱን...» ሕዝቡ አጨበጨበ። ሳጥኑን ለረዳታቸው አቀበሉት፤ ረዳቱ ከጋሻዎቹና ከካባዎቹ ጋር ሊከምረው ዞረ። ኤልዳና እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች።

ያኔ ያብስራ ከሰልፉ ወጣ።

«ሽማግሌ፣ ቦታህን ያዝ» አለው ጥበቃው። «ከወጣህ ቁልፉን ታጣለህ።»

«አባዬ!» አለች ማክዳ ከገመዱ ወዲያ። «አባዬ፣ ተመለስ! በልጆቼ ሞት!»

ያብስራ ለአፍታ ቆመ። ልጁን አያት። ከዚያ ሄዶ ረዳቱ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ።

«አምጣ» አለ። «ሰው ነው።»

ረዳቱ ያቀፈውን አየና በድንጋጤ ለቀቀለት። ከንቲባው ፈገግታቸውን ሳያጥፉ «ምንድን ነው?» አሉ። ረዳቱ በጆሯቸው ነገራቸው። ከንቲባው መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩ፤ በኮታቸው ጠረጓቸው። ወደ ካሜራውም ዞረው ካቆሙበት ቀጠሉ።

ያብስራና ኤልዳና ወንዙ ዳር ወርደው፣ ከሸንበቆው ጀርባ መቅበር በተከለከለበት መሬት ላይ ቀበሩት። ያብስራ በጉዲና አካፋ ቆፈረ። ሙቀቱ ሲበረታበት ካናቴራውን አውልቆ ላቡን ጠረገበትና ጭቃው ላይ ጣለው። ብዙም አልተነጋገሩም።

«ማክዳ አትምርህም» አለች ኤልዳና አፈሩን በእጇ እያለበሰች።

«አትምረኝም።» አካፋውን ተደግፎ ተነፈሰ። «ልክ ናት ደግሞ።»

ወደ ብሎኩ ሲመለሱ የያብስራ ፍራሽ ተጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ ተጥሏል። ከላዩ ጫማውና ልብሱ ተከምሯል። ከተዘጋው በር ውስጥ የማክዳ ለቅሶና የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። ያብስራ በሩን አላንኳኳም። ጫማውን ከፍራሹ ላይ አንስቶ የሚያደርገው አጥቶ ቆመ።

ኤልዳና የራሷን በር ከፈተች። የእርሷ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ናትናኤል ከሞተ ወዲህ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው የለም፤ ምርጫው ሁሉ ሲካሄድ፣ ስለ ኮረብታው ሲጯጯሁ፣ ያ ክፍል ባዶውን ነበር። በሩ ላይ ቆማ ወደ ክፍሉ አየች፤ ከዚያ ፍራሹን አየች። ፊቷ በእፍረት ነደደ።

«ሰው ምን ይላል?» አለ ያብስራ ሐሳቧ ገብቶት።

«ያሻውን ይበል!»

ጎንበስ ብላ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘች። ጉልበቷ ተንቋቋ፤ ወገቧን ይዛ ጥቂት ቆየች።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ?» አለችው። «በዚያ በኩል ያዝ እንጂ!»